ለሌላ በርሜል የተቀለጠ አረር

ሞጆ ደረቅ ወደብ ዙሪያ፣ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ተራ በሚጠብቁበት ሁሉ ጎሚስታ አይታጣም። የአውቶሞቢልና የሚኒባስ ጎማ እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ጠርዝ ላይ በመዶሻ መታ መታ ተደርጋ የምትያዝ ግራጫ ቁራጭ አለች፤ ባላንስ ትባላለች። የድሮዎቹ ባላንሶች እርሳስ ናቸው፤ ጠንከር እንዲሉ ጥቂት አንቲሞኒ ተጨምሮባቸዋል። አንዷን አንስተው በቢላ ጫፍ ሲጭሯት ውስጧ ያብረቀርቃል፤ ጥቂት አየር ሲያገኛት ተመልሳ ትደበዝዛለች። መዳፍ ላይ ስትቀመጥ ከመጠኗ በላይ ትከብዳለች።

አሜሪካ ውስጥ ዒላማ ተኩስ የሚወዱ ሰዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንዲህ ያሉትን ቁርጥራጮች ከጎሚስታ ቤት እየሰበሰቡ፣ አቅልጠውና በቅርጽ ውስጥ አፍስሰው የራሳቸውን አረር ሲሠሩ ኖረዋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ትልቅ ምድጃ አይጠይቅም። በመዳብ የተለበጠው የፋብሪካ አረር ውድ ነው፤ የቤቱ ርካሽ ነው። የድሮ ማተሚያ ቤት ፊደላትን ያገኘማ እንደ ዕድለኛ ይቆጠር ነበር፤ የፊደል እርሳስ አንቲሞኒና ቆርቆሮ ስለሚበዛበት ከባላንስ ይበልጥ ይጠነክራል። በተለመደው ሽጉጥና በተለመደው በርሜል ይህ ሁሉ ያለ ችግር ሠርቶላቸዋል።

ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ወዲህ ግን ነገሩ በአንዳንዶቹ እጅ ላይ መፈንዳት ጀመረ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ እርሳሱም ያው ነው። የተለወጠው በርሜሉ ነበር።

የመሣሪያ በርሜል ውስጡ ልሙጥ ቱቦ አይደለም። በተለመደው አሠራር ርዝመቱን ሙሉ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች ይቆፈሩበታል፤ በቦዮቹ መካከል የሚቀረው ብረት ጠርዙ ሹል ነው። አረሩ ሲያልፍ ጠርዞቹ ገላውን ይነክሱታል፣ እያሽከረከሩም ይሰዱታል። ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ ሽክርክሪት ነው። በባለብዙ ማዕዘኑ በርሜል ግን ቦይም ሹል ጠርዝም የለም። ውስጡ ስድስት ወይም ስምንት ጎን አለው፤ ማዕዘኖቹ ድቡልቡል ናቸው፤ ያ ቅርጽ እንዳለ ይጠማዘዛል። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የመረጠው ግሎክ ሽጉጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ብረቱ ሳይግል ቅርጽ የተሰጠው ዘንግ ላይ ይደረግና በማሽን መዶሻ ከውጭ እየተቀጠቀጠ የዘንጉን ቅርጽ በውስጡ ይይዛል። በርሜሉ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ለመወልወል ይቀላል፤ በመዳብ የተለበጠ አረር ሲያልፍበት ጋዙን በደንብ ያፍናል። ፋብሪካው ግን ለገዢዎቹ የማያሻማ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ያልተለበጠ የእርሳስ አረር አትተኩሱበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። መዳብ ጠንካራ ስለሆነ ድቡልቡሉ ማዕዘን ሲጫነው ቅርጹን ይቀበልና ተሽከርክሮ ይወጣል። እርሳስ ግን የሚነክሰው ሹል ጠርዝ ሲያጣ፣ ጎማ ጭቃ መንገድ ላይ እንደሚንሸራተት፣ መዞሩን ትቶ ወደፊት ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ይፋቃል። ከኋላው የሚመጣው የጋለ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ያልፍና ገላውን እየላጠ ብረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ክምችቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል ፊት ለፊት፣ ግፊቱ ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ ነው። የሚቀጥለው አረር የጠበበ መንገድ ይጠብቀዋል፣ የሚከተለው ደግሞ ከዚያም የባሰ። ግፊቱ በየተኩሱ ይጨምራል እንጂ ተኳሹ የሚያየው ለውጥ የለም። ወይም ጥይቱ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ይቀርና መሣሪያው በቅጡ ሳይዘጋ ይተኩሳል። በዚያች ቅጽበት ቀለሁ ከሥር ድጋፍ በሌለው በኩል ይቀደዳል፤ ጋዙ ወደ እጀታው ይወርዳል፤ ካዝናው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ጣት የቆሰለባቸው፣ ሽጉጣቸው ለሁለት የተሰነጠቀባቸው ሰዎች ነበሩ።

በዚህ ጉዳይ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እርሳሱን አጠንክሮ ማቅለጥ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ጥንካሬ ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ ከመጠን በላይ የጠነከረ አረር የባሩዱ ግፊት ሲመታው መቀመጫው አይሰፋም፣ በርሜሉን ስለማይሞላም ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ ለስላሳው ያመጣውን ጥፋት እሱም ያመጣዋል። በሺህ የሚቆጠር ጥይት ያለ አንዳች ችግር ተኩሻለሁ የሚለውም ሰው ሲጠየቅ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ የሚሞላ፣ የአረሩን ውፍረት ለበርሜሉ ለክቶ የሚያፈስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወለውል ሆኖ ይገኛል። ያዳነው እርሳሱ ሳይሆን ጥንቃቄው ነው።

ነገሩን ከሥሩ የሚያስረዳው ግን ከግሎክ 100 ዓመት በላይ የሚቀድም ታሪክ ነው። ከምዕራፎቹ አንዳንዶቹ የተፈጸሙት በእኛው ተራሮች ላይ ነው።

ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል የማንችስተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ስድስት ጎን ያለው የተጠማዘዘ በርሜል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1857 በተደረገው ፍተሻ ጠመንጃው የእንግሊዝ ጦር ይዞት የነበረውን ኤንፊልድ በትክክለኛነት በሰፊው በለጠው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ዊምብልደን ላይ የዒላማ ውድድር ስትከፍት የተኮሰችው በዚሁ ጠመንጃ ነበር። መሣሪያው መደገፊያ ላይ ታስሮ እሷ ገመዱን ሳበች፤ አረሩ 400 ያርድ ርቆ የዒላማው እምብርት ላይ አረፈ። ያ አረር እርሳስ ነበር፤ በርሜሉም ባለብዙ ማዕዘን ነበር። ዛሬ እጅ የሚያቆስለው ጥምረት ያኔ በዓለም ከነበሩት ጠመንጃዎች ሁሉ ቀጥተኛው ነበር ማለት ነው።

እንዴት ቢባል፣ ዊትዎርዝ አረሩንም በርሜሉንም አንድ ላይ ነው ያሰበው። አረሩ ራሱ ስድስት ጎን ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ልክ እንደ በርሜሉ ተጠማዝዞ። ተራው ድቡልቡል አረር ሲገባበትም ለስላሳ እርሳስ ነበርና የጥቁር ባሩድ ድንገተኛ ምት መቀመጫውን ጨፍልቆ ማዕዘኖቹን ያስሞላዋል። በእርሳሱና በብረቱ መካከል ወረቀትና ሞራ ይገባል። ፍጥነቱ መጠነኛ ነው፤ ተኳሹም በርሜሉን ቶሎ ቶሎ ይወለውላል። ጦሩ በመጨረሻ ያልተቀበለው ውድ ስለሆነና በውጊያ መሃል በባሩድ ጥላሸት ስለሚታፈን ነው።

በዚያው ዘመን የዊትዎርዝ ተፎካካሪ የነበረው ዊልያም አርምስትሮንግ ለመድፍ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። በርሜሉን በብዙ ቀጫጭን ቦዮች ሞላው፤ የብረቱን ጥይት ደግሞ እርሳስ አለበሰው። እርሳሱ ቦዮቹ ውስጥ እየተጨመቀ እንዲሽከረከር ነው። ይህ መድፍ ነው በጄኔራል ናፒየር ዘመቻ ከቦምቤይ በመጡ 44 ዝሆኖች ጀርባ ላይ ሆኖ የእኛን ገደል የወጣው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተኩሷል። ከአምባው በኩል የነበረው ሴባስቶፖል ደግሞ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን እጅ የተቀለጠ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነ ሞርታር ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ቀን ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው እንደነበር አንባቢ ያውቃል። የቴዎድሮስን ብረት የመሥራት ምኞት ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። መድፍ ማቅለጥ ብቻ አልበቃቸውም። ጠያቂ ንጉሥ ነበሩ፤ አሠራሩን ከነእውቀቱ ነበር የፈለጉት።

ከ28 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በእኛ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች ብዛት የነበረው ውጅግራ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራስ። አረሩ 25 ግራም የሚመዝን፣ ወፍራም፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ እርሳስ ነው። አንዱን የውጅግራ ጥይት በቅርብ ያየ ሰው ከቀለሁ ጫፍ ብቅ ባለው እርሳስ ላይ የተጠቀለለች ስስ ወረቀት ያገኛል። ወረቀቷ ጌጥ አይደለችም። እርሳሱ ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ የምትከለክል ልብስ ናት፤ ተኩሱ ሲወጣ ተበጣጥሳ ትቀራለች። ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነበር። ለዚያ ፍጥነት፣ ለዚያ ጥቁር ባሩድና ለዚያ ባለ አራት ቦይ በርሜል ወረቀት ይበቃ ነበር።

ከአድዋ በኋላም የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ዕቃ ሲበዛ መልሱ በጥይት ይሰጥ ነበር። የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም፤ በአገር ባሩድ ይሞላል፣ እርሳስ ተቀልጦ ጫፉ ላይ ይደረጋል። አባቶቻችን አረር የማፍሰስ ሙያ ነበራቸው። ከሌላው ዓለም የቤት ውስጥ አቅላጮች የተለዩ አልነበሩም፤ ያ መሣሪያም ሙያቸውን የሚቀበል ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ መናጋት የመጣው ከባሩዱ በኩል ነው። ፖል ቪዬ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ፈረንሳይ በ1886 ለቤል የሚባለውን 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በዚያ ባሩድ አወጣች። ፍጥነቱ በአንዴ ከ600 ሜትር በሴኮንድ በላይ ሆነ። በዚህ ፍጥነት ለስላሳው እርሳስ ቦዮቹን መከተል አይችልም፤ ጠርዞቹ ይልጡታልና ሳይሽከረከር ይወጣል፣ ፍቅፋቂውም በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ወረቀት አልበቃም። ስለዚህ እርሳሱን በጠንካራ ብረት መለበጥ ግድ ሆነ፤ የስዊሱ መኮንን ኤድዋርድ ሩቢን ይህን ልብስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀምሮት ነበር። ዛሬ የምናውቀው የተለበጠ አረር የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መናጋት የደረሰው እንግሊዝ ላይ ነው፤ እኔ ከሁሉ የሚያስተምረኝም ይኸኛው ነው። ዊልያም ሜትፎርድ የሚባለው መሐንዲስ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እንዳይጠራቀም ብሎ ሰባት ቦዮችን ጥልቀታቸውን አሳንሶ፣ ማዕዘናቸውን አለስልሶ ሠራ። ለጥቁር ባሩድ ግሩም መፍትሔ ነበር። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1888 ሊ-ሜትፎርድ የተባለውን ጠመንጃ ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ኮርዳይት የሚባለው አዲስ ባሩድ መጣ። እሱ ጥላሸት አያበዛም፤ ሙቀቱ ግን የበረታ ነው። በርሜሉ እንደነበረ ቀረ፣ ባሩዱ ብቻ ተቀየረ። ኮርዳይት እነዚያን ጥልቀት የሌላቸው ልስልስ ቦዮች እየላሰ ጨረሳቸው፤ በርሜሎቹ ከታሰበው ጊዜ በፊት አለቁ። በ1895 ጦሩ አምስት ሹል ቦይ ወዳለው የኤንፊልድ አሠራር ዞረ። ሜትፎርድ አልተሳሳተም፣ የኮርዳይት ሠሪዎችም አልተሳሳቱም። ሁለቱን ያገናኘው ውሳኔ ነው የተሳሳተው።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው የግሎኩን ጉዳይ ለመረዳት አይቸገርም። እርሳስ ክፉ አይደለም፤ ንግሥቲቱ በእሱ ዒላማ መትታለች፣ አድዋም ላይ ተተኩሷል። ባለብዙ ማዕዘን በርሜልም ክፉ አይደለም። በርሜል፣ አረርና ባሩድ ግን አብረው የሚሠሩ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱን ሲቀይሩ የቀሩት ሁለቱ እንደ አዲስ መጠየቅ አለባቸው። ጉዳት የደረሰባቸው ተኳሾች በአብዛኛው ሰነፎች አልነበሩም። ለ30 ዓመት የሠራላቸውን ሙያ ወደ አዲስ በርሜል ይዘው የተሻገሩ ትጉህ ሰዎች ነበሩ። ጥይቱ ያለ ችግር ይጎርስ ነበር፤ የመጀመሪያው ተኩስም ዒላማውን ይመታ ነበር። በጣም የሚያታልለው ይህ ነው።

ይህን ሞጆን እያሰብኩ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ኮንቴይነር አብዛኛው የሚራገፈው እዚህ ነው። ማሽኑ ከአንድ አገር፣ መለዋወጫው ከሌላ አገር፣ ዘይቱ ከሦስተኛ አገር ይመጣል፤ ሦስቱም በተለያየ ሳምንት፣ በተለያየ ነጋዴ ስም ይወርዳሉ፤ የሚገናኙትም አዳማ ወይም ሻሸመኔ ካለ ጋራዥ ነው። የፍሬን ሸራ ገጥሞ ይገባል፤ የተሠራው ግን ለሌላ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮ ጥርሱ ይይዛል፤ የሚችለው ግፊት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ «ገብቷል፣ ሞተሩም ተነስቷል» ሲል ሾፌሩ ደስ ብሎት ይሄዳል። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ በየጉዞው ጥቂት ጥቂት ይጠራቀማል፣ ልክ በበርሜሉ ጉሮሮ ላይ እንደሚለጠፈው እርሳስ። ለዚህ ነው ጥሩ መካኒክ «ይገባል ወይ» ብሎ የማያቆመው፤ ለየትኛው ሞተር፣ ለስንት ግፊት፣ ከየትኛው ዘይት ጋር ተሠራ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ጋር በመጣችውና ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ በምትጣለው ደብተር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ግሎክ የገዙትም ሰዎች ደብተሯ ነበረቻቸው።

ስለ እርሳሱም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መሥራት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው አረር ለማፍሰስ እንዳይነሳ። ለሌላም ነገር ቢሆን ባላንስንና አሮጌ ባትሪን በቤት ድስት፣ በጓሮ ከሰል ማቅለጥ ከባድ ጥፋት ነው። የእርሳስ ትነትና አቧራ ልብስ ላይ፣ እጅ ላይ፣ የልጅ መጫወቻ አፈር ላይ ይቀራል፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የጎዳውንም ማንም አይመልሰውም። የባትሪ እርሳስ ደግሞ ከአሲዱ ሌላ አርሴኒክን የመሰሉ ነገሮች ስላሉበት ከባላንሱ የከፋ ነው። ብዙ አገሮች የጎማ ባላንስን ወደ ብረትና ወደ ዚንክ የቀየሩት ለዚህ ነው። የወለቀችውን ቁራጭ ሕፃን እንዳያገኛት በቆርቆሮ ሰብስቦ ማስቀመጥ ለጎሚስታው የደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ተኳሾቹ ስንመለስ፣ ብዙዎቹ በመጨረሻ ሁለት መንገድ ያዙ። አንዳንዶቹ እርሳስ መተኮሳቸውን አልተዉም፤ ይልቅ በርሜሉን ቀየሩ፣ የተለመደው ሹል ቦይ ያለው በርሜል ገዝተው እዚያው ሽጉጥ ላይ ገጠሙ። ሌሎቹ የፋብሪካውን በርሜል አልነኩም፤ የተለበጠ አረር ብቻ አጎረሱት። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በመካከል የቀሩት አንድ የድሮ ምክር ያምኑ ነበር። እርሳስ ከተኮሱ በኋላ ቀኑ ሲያልቅ ጥቂት የተለበጡ ጥይቶችን ይተኩሱና ጠንካራው መዳብ የተለጠፈውን እርሳስ ጠርጎ እንደሚያወጣላቸው ይቆጥራሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። የጠበበ በርሜል ውስጥ የማይጨመቅ ጠንካራ አረር በሙሉ ፍጥነት መግፋት ማለት ግፊቱ ሊበዛ የሚችልበትን ቦታ ሆን ብሎ መምረጥ ነው፤ ያልወጣውንም እርሳስ ብረቱ ላይ ይዳምጠዋል። በርሜሉ ወልቆ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ፣ ጥይት ከሚጎርስበት ክፍል ፊት ለፊት ግራጫ ጭረት ካለ፣ የሚያወጣው የናስ ብሩሽና ትዕግሥት ነው። ብሩሹ ሲመለስ እርሳሱ በስስ ቅርፊት ይወጣል፤ ቅርፊቱ መምጣቱን እስኪያቆም ድረስ በዚያ ሽጉጥ አንዲት ጥይት አይተኮስም።